የልብስ ንድፍ ትምህርትና የሸማኔ ልጅ

ልብስ ለሰው ልጅ የብርድ መከለያ ብቻ አይደለም፤ ማዕርጉን፥ ሐዘኑንና ደስታውን የሚናገርበት ሁለተኛ አንደበቱም ነው። በእኛ አገር በላስታ ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ የምትሄደው ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ፥ ጥለቱን ወደ ፊቷ አዙራ የለበሰችውም ሐዘን እንዳገኛት ሳትጠየቅ ይታወቃል። ይህን ቋንቋ ፊደል ሳይቈጥሩ የጻፉት ፈታይዋና ሸማኔው ናቸው።

እኔም የሸማኔ ልጅ ነኝ። እናቴ ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ፥ በደጋን ነድፋ፥ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትል ነበር። አባቴም እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ ማጉን በመወርወሪያ እየወረወረ ጋቢና ነጠላ ይሠራ ነበር። ደብተራችን በዚያ ገንዘብ ተገዝቶልን ሁለተኛ ደረጃን ጨረስን። ነገር ግን ጋቢውን ወድዶ የሚገዛው ሰው ሠሪውን በስድብ ስም ሲጠራው እየሰማን አደግን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ ግን ከሰው አንደበት ይልቅ በወረቀት ላይ ጸና።

ዘንድሮ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ፥ የልብስ ንድፍ፥ ማለት ፋሽን ዲዛይን፥ ለመማር እንደምትፈልግ ለአባቷ ነገረችው። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች በደብተሯ ነድፋ፥ ለጥለት የሚሆን ሥራ አሳየችን። ወንድሜ ግን ተቈጣ። «አባታችን ከጉድጓድ ሳይወጣ የኖረው እኛ እንድንወጣ ነው፤ አንቺ ተምረሽ ልትመለሺበት ነውን?» አላት። እኔም «ጋሼ፥ ያዋረደን ጉድጓዱ አይደለም፤ ስድቡ ነው» አልሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ እርስዋም ደብተሯን ከድና ወጣች።

የወንድሜ ፍርሀት ከንቱ አይደለም። ጎብኚ በመጣ ጊዜ የላሊበላ ሸማ ገዢ ያገኛል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝና በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላስታን ካገኘው ጦርነት ወዲህ ግን ብዙ ባለ እጅ ሥራውን ታቅፎ ቀርቷል። ልጄን ለችግር አልሰጥም ማለት የአባት ነገር ነው።

ሆኖም ንድፍ ስፌት ብቻ አይደለም። ጥልፍ ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ ይጨመራል፤ ጥለት ግን ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሸመናል። ስለዚህ ነዳፊው፥ ሸማኔው ሥራውን ሳይጀምር፥ የደረቱን፥ የወገቡንና የእጅጌውን ልክ ዐውቆ፥ ጥለቱ የት እንደሚወድቅና ጠባቡ ጨርቅ የት እንደሚጋጠም መወሰን አለበት። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚሻገሩ ማዕዘን ያለው መስቀል ይቀናል፤ ክብ ሐረግ ግን ክር በክር ተቈጥሮ እንደ ደረጃ ይወጣል። ይህ ሁሉ ጂኦሜትሪ፥ ሥዕልና የዋጋ ስሌት ነው። ታዲያ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በምን ይለያል?

በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በ1953፥ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱም በ1955 ዓ.ም. ተቋቋሙ። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፋሽን ዲዛይንን በዲግሪ ያስተምራል። ከሸማኔ ጉድጓድ እስከዚያ ደጅ የሚያደርሰው መንገድ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልፋል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በዐሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ያልሞላለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ስለነበር፥ ሙያ የወደቀ ሰው ዕጣ መሰለ። እጅግ የሚያሳዝነውም፥ ይህን የሚያምኑት የባለ እጅ ልጆች ራሳቸው መሆናቸው ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሥዕልና ጂኦሜትሪ በምታስተምሩበት ሰዓት የአገራችሁን ሸማኔ አንድ ቀን ከሰሌዳው አጠገብ አስቀምጡት፤ ተማሪው ክሩን ይቍጠር፥ ልኩን ያውጣ፥ ዋጋውን ያስላ። ወላጆችም ልጃችሁን ከሥራ ሳይሆን ከድንቁርና አውጡ። የወንድሜ ልጅ ምርጫዋን የምትሞላበት ቀን ገና ነው፤ ወንድሜም እስከ ዛሬ ዝም ብሏል። እኔ ግን ተስፋ አልቈረጥሁም፤ አባታችን የሠራው ጋቢ ዛሬም በወንድሜ ትከሻ ላይ ነውና።