ድንኳኑ ጋቢና ላይ ይሰቀል ወይስ ካሶኒ ላይ?

ነገሩ የተጀመረው በመኪና ነው፤ ያለቀው ግን በእናትና በልጅ መሃል ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ ሆሳዕና ከገባ ሁለት ዓመት አለፈው። ለሐዲያና ለከምባታ ልጅ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እኛ ሰፈር ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጉ ብትባሉ ቀኑ ይመሽባችኋል። ሌላው ሲመለስ ቤት ይሠራል፣ ሱቅ ይከፍታል። የኔ ወንድም ግን አንድ ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ ገዛ። በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። አንድ ቀን አዲስ አበባ ሄዶ፣ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ላይ የመኪና ጣራ ድንኳን ገዝቶ መጣ!

ላላያችሁት፣ ነገሩ ሲታጠፍ ትልቅ ሻንጣ ይመስላል። ሲዘረጋ ደግሞ ፍራሽ፣ መስኮትና መሰላል ያለው የሁለት ሰው መኝታ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰዉ ይህንን መኪናው ላይ ጭኖ ዕረፍቱን ጫካ ለጫካ ሲዞር ያሳልፋል። እናታችን ግን ይህንን ከየት ታውቃለች?

«ቤት እያለህ?» አለች። «አራት ክፍል ባዶውን ቁጭ ብሎ አንተ መኪና ላይ? ሰው ምን ይላል?»

ወንድሜ መልስ ነበረው። ሐሳቡ ከሐደሮ ዝንጅብል፣ ከየገበያው ድንች እየገዛ ሆሳዕና ሊያወርድ ነው። መንገድ ላይ ሲመሽበት የአልጋ አይከፍልም፤ ዕቃውንም ራሱ እየጠበቀ ያድራል። ለዚህ ደግሞ ካሶኒው ነጻ መሆን አለበት። ስለዚህ ድንኳኑ የግድ ጋቢናው ጣራ ላይ መውጣት አለበት አለ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል።

እኔ ግን ልቤ አላመነም። ጎረቤታችን ከሆኑ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ጋ ይዤው ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ኤንትሬና አይሱዙ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያሉት ነገር «ይመዘን» ነው። እህል ነጋዴ ዘንድ ወስደን ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 63 ኪሎ!

«ጋሼ፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ዕቃ እኮ ነው» አለ ወንድሜ። «ሁለት ሰው ከቻለ ጣራው 63 ኪሎ ያቅተዋል እንዴ?»

«ቆሞ መሸከምና እየሮጡ መሸከም አንድ ነው?» አሉት። «እናትህ እንስራ ተሸክማ ስትቆም አየሃት። ሩጪ፣ ቁልቁለቱ ላይ ታጠፊ ብትባልስ?»

እውነታቸውን ነው። መኪናው ሲቆም ጣራው ድንኳኑንና ሁለት ሰው፣ ከ200 ኪሎ በላይ ሊችል ይችላል። ሲሄድ ግን ሌላ ነው። ብዙ ፒክ አፖች እየሄዱ ጣራቸው ላይ እንዲጫን የሚፈቀደው ከ100 ኪሎ በታች ነው፤ እሱም የፖርቶ መጋላው ክብደት ተደምሮ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከመኪናው ጋር የሚሰጠው መጽሐፍ ላይ አለ። የወንድሜን መጽሐፍ የፊተኛው ባለቤት ጥሎታል።

ምክሩን ሰማ፣ አመሰገነ፣ ሄዶም የፈለገውን አደረገ። በያጅ ጠርቶ ጋቢናው ላይ የብረት ፖርቶ መጋላ አሠራ፤ ጣራውን በስቶ በቡሎን አሰረው። ምን ልበላችሁ፣ ከሩቅ ሲታይ ያምራል! የሰፈር ልጆች ፎቶ እየተነሱበት ሰነበቱ።

መስከረም ላይ፣ ለመሳላ በዓል ዱራሜ ወደምትኖረው አክስታችን ልንሄድ ተነሳን። እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና መንገዱ እርጥብ ነው። አንድ ቁልቁለት ኩርባ ላይ ከየት መጣ ሳይባል ባጃጅ ፊታችን ዱብ አለ። ወንድሜ መሪውን ጠመዘዘ። መኪናው ታጠፈ፤ ከላይ ያለው ክብደት ግን አብሮ አልታጠፈም። በአንድ በኩል ያሉት ጎማዎች መሬት የለቀቁ መሰለኝ። ደግነቱ ተመልሶ ቆመ። ባጃጁ ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

እማዬ አልጮኸችም። ነጠላዋን ይዛ ዝም አለች። ወንድሜ ወርዶ ጣራውን ሲያይ ቡሎኑ የታሰረበት ቦታ ጎድጉዶ፣ በቀዳዳው ዝናብ ገብቶ የጋቢናው ኮርኒስ ረጥቧል። ከዚያ እስከ ዱራሜ በ30 ነዳ። አንድ ቃል የተናገረ የለም።

ማታ አክስታችን ግቢ ውስጥ ድንኳኑን ዘረጋው። በበዓል ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ እሱ መኪና ላይ! ተናድጄ መሰላሉን ወጣሁና «ሰው የምታዋርደው ለምንድን ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ነገረኝ። ዘጠኝ ዓመት ያደረው ቤት ውስጥ አይደለም፤ የሚሸጥበት የኮንቴይነር ሱቅ ወለል ላይ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ነው። መስኮት የለውም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጆሃንስበርግ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል፣ እሱ ውስጥ ሆኖ የሰው ድምፅ ሲያልፍ እያዳመጠ አድሯል። «እትዬ፣ ከዚያ ወዲህ በር ሲዘጋብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። «እዚህ ላይ ግን ከፍ ብዬ፣ በአራቱም በኩል እያየሁ እተኛለሁ።»

እኔ ለሁለት ዓመት ቅብጠት መስሎኝ ነበር። እናንተስ ብትሆኑ ምን ይመስላችሁ ነበር?

ከታች ሆና እማዬ ሰምታ ኖሯል። ምንም አላለችም። ቤት ገብታ ጋቢ ይዛ ወጣችና በመሰላሉ አቀበለችው። «እላይ ይበርዳል» ብቻ አለች።

ሆሳዕና ስንመለስ ወንድሜ በራሱ እግር ሽማግሌው ጋ ሄደ። አሁን ጥያቄው «ይሰቀል ወይስ አይሰቀል» አልነበረም፤ «የት ይሰቀል» ሆነ። እሳቸው የነገሩንን ፒክ አፕ ላላችሁ ሁሉ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ክብደት ዝቅ ይበል። ከካሶኒው ወለል ተነስቶ በአራት እግር የሚቆም የብረት ፍሬም ይሠራ፤ እግሮቹም በሻንሲው በኩል በደንብ ይያዙ። የታጠፈው ድንኳን ከጋቢናው ጣራ ካላለፈ ነፋስ አይመታውም፤ ነዳጅም ይቆጥባል።

ሁለተኛ፣ ወደ ጋቢናው ይጠጋ። ከኋላ ጎማ አልፎ ወደ ጅራቱ ከሄደ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው አይታዘዝም።

ሦስተኛ፣ አንድን ብረት ከጋቢናውም ከካሶኒውም ጋር አትሰሩ። «መሃላቸው ያለው ክፍተት ለጌጥ አይደለም» አሉን። «አንድ ሻንሲ ላይ ቢቀመጡም ኮረኮንች ላይ እየራሳቸው ነው የሚወዛወዙት። ካቆራኘሃቸው ወይ ብረቱ ይሰነጠቃል ወይ ቆርቆሮው ይቀደዳል።»

አራተኛ፣ መሰላሉ ወደ ቀኝ ይውረድ። ደቡብ አፍሪካ በግራ ነው የሚነዳው፤ ወንድሜም እዚያ እንዳየው ወደ ግራ አድርጎት ነበር። እኛ አገር የመንገድ ዳር ቆመህ በግራ ከወረድክ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ብለህ ኤንትሬ ፊት ነው የምታርፈው!

ኪሳራ የለውም አልላችሁም። ከፍሬሙ ሥር ጆንያ እንደልብ አይደረደርም፤ በአንድ ጉዞ የሚጭነው ቀንሷል። ወንድሜ ወረቀት ላይ ደምሮ ቀንሶ፣ የቀረውን የአልጋ ወጪ ሲያስብ «ያዋጣኛል» አለ። ባያዋጣውም እማዬ ጋቢና ላይ መልሶ እንዲሰቅለው የምትፈቅድ አይመስለኝም።

አሁንም አንዳንድ ሌሊት ግቢያችን ውስጥ እዚያው ላይ ያድራል። ጎረቤት ሲጠይቅ እማዬ «ልጄ አየር ይወዳል» ትላለች፤ አለቀ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል። ሰሞኑን አምበሪቾ ተራራ ግርጌ አድረን፣ ጠዋት 777ቱን ደረጃ እንውጣ እያለኝ ነው። እሺ ብዬዋለሁ።

ከውጭ የተመለሰ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ግር የሚል ነገር ሲያደርጉ ከመሳቃችሁ በፊት አንዴ ለብቻቸው ጠይቋቸው። ፒክ አፕ ያላችሁም ክብደታችሁን ዝቅ አድርጉ። እኛ ሁለቱንም የተማርነው አንድ ኩርባ ላይ ነው።