ያረጀ ቀለም መቀባት

አምቦ ውስጥ ዝገት የቸልተኝነት ስም ነው። ብረት ያለው ቀለም ይቀባል፤ ቀለም ያጣ የተቃጠለ ዘይት ይለቀልቅበታል። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት የአባቴን ጥቁር ፎኒክስ ሳይክል አዲስ መሪ፣ አዲስ ጎማና ካቴና ገጥሜለት ዝገቱን ልተወው አሰብኩ። እዚህም እዚያም ብቻ ያረጀ የሚመስል ቀለም ጣል ላደርግበት።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። እኛ ጋ ነገር አያረጅም፤ ይሰረዝና በሌላ ይተካል። ለዚህ ይመስለኛል ያረጀ ነገር ደስ የሚለኝ። ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም፤ ፌንደር የተባለው የጊታር ኩባንያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆን ተብሎ ቀለማቸው የተላላጠ አዳዲስ ጊታሮችን ይሸጣል።

አሠራሩ ብዙም አይከብድም። መጀመሪያ ቴላዮውን በትንሽ መዶሻ ቆርቆር ማድረግ ነው፤ ድምፁ የታፈነበት ቦታ ብረቱ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል በደንብ መታየት አለበት። ውሃ የሚያቁረው ታች፣ የፔዳሉ መዞሪያ ጋ ነው። ከዚያ የሚረግፈውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፎ በአኳራጅ መወልወል። ቀለም የሚያርፍበትን ቦታ ውሃ አርጥቦ ሻካራ ጨው መነስነስ፣ ሲደርቅ በላዩ መቀባት። ቀለሙ ደርቆ ጨው ሲታጠብ፣ ጨው የነበረበት ይላጥና ዝገቱ ብቅ ይላል። ጨው ብረት ስለሚበላ አጥቦ ማድረቅ ላይ መስነፍ አያስፈልግም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፤ በመጨረሻ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት በስሱ መቀባት። ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ስለሚደርቅ እንደ ስስ ቆዳ ይሸፍነዋል። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

የሚከብደው የት እንደሚላላጥ መወሰኑ ነው። ቀለም ዝም ብሎ አይለቅም፤ የሚነካው ነገር አለ። ያንን የሚያውቀው ደግሞ አባቴ ብቻ ነው።

ጉደር አቅራቢያ አስተማሪ ነበር፤ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። በረንዳው ላይ ቆሞ አየኝና፣

"ቀለም መግዣ አጣህ?"

"አይ አባዬ፣ ያረጀ እንዲመስል ነው።"

"አርጅቷል'ኮ!"

የት የት ይላጥ እንደነበር ጠየቅኩት። መጣና ላይኛውን ቱቦ ከሥሩ ዳሰሰ። ወንዝ ሲሞላ ተሸክሞት ስለሚሻገር ትከሻው የፋቀው እዚያ ነው። ቀጥሎ የኋላውን ዕቃ መጫኛ አሳየኝ፤ የደብተር ካርቶን የሚያስርበት ገመድ በልቶታል። "ሌላው ግን ዝጎ አያውቅም" አለ። በየዓመቱ መስከረም፣ ትምህርት ሳይከፈት ይቀባው ነበር። "ልጆቹ ያያሉ። አስተማሪ በዛገ ሳይክል አይመጣም።"

ዝገቱ የገባው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ሳይክሉ ጓሮ በተቀመጠባቸው 9 ዓመታት ነው። እኔ አዲስ አበባ የነበርኩባቸው ዓመታት። የሥራ እርጅናና የመቀመጥ እርጅና ለካ ይለያያሉ። ጨው የነሰነስኩት ትከሻውና ገመዱ የነኩት ቦታ ላይ ብቻ ሆነ። ከመሪው በታች ያለውን ቱቦ ሙሉ ጥቁር ቀባሁት፤ የቀረውን ዝገት በዘይት አሸግኩት። እሱም እውነት ነው፤ የተቀመጠባቸውን ዓመታት ይናገራል።

የወርቅማውን መስመር አባቴ ራሱ ቀባው። እጁ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ መሀሉ ላይ ዘንበል ብሏል። ብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁትም።