የቆሰለች ዋላ ዱካ

በአገራችን የአደን ነገር ሲነሣ የሚተረከው ስለ ገዳዩ ነው። ዝሆን ጣለ፣ ጎሽ ጣለ፣ አንበሳ ጣለ እየተባለ ይፎከራል፤ ይሸለላል፤ ገዳዩም ቅቤ ተቀብቶ ይሞገሳል። አውሬው ቆስሎ ጫካ ከገባ በኋላ ዱካውን ሲከተል ስላደረው ሰው የተገጠመ ፉከራ ግን በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በቨርጂኒያ ገጠር ከአንድ ያገሬ ሰው ጋር ያሳለፍኩት ቅዳሜና እሑድ ነው።

ሰውየው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። ኑሯቸው ታክሲ መንዳት ነው። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ከአባታቸው ጋር ሚዳቋ አድነዋል። እዚህ ግን ጠመንጃ አይነኩም። «በተኩስ ድምፅ ከአገሬ ወጥቼ እዚህም ልስማው?» ይላሉ። ስለዚህ ኮርሱን ወስደው፣ ፈቃዱን አውጥተው፣ ቀስት ያዙ።

በነገራችን ላይ ዲር የሚሏትን እንስሳ እኛ አጋዘን ማለት ለምደናል። ያገራችን አጋዘን ግን ሌላ ነው፤ ቀንዱ የተጠማዘዘና የማይረግፍ ነው። የዚህ አገሩ ወንድ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል። ዳዊት ደጋሚ ሁሉ የሚያውቃት ዋላ የዚህችው ወገን ስለሆነች እኔ ዋላ እላታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በመላው አሜሪካ የቀሩት ባለ ነጭ ጭራ ዋላዎች ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። ጓሮው የተከለውን ጎመን ያስበላ አንባቢ ይህን አይጠራጠርም።

ፍላጻ የሚገድለው እንደ ምላጭ በተሳለ ብረት ደም በማፍሰስ ነው። ሳንባን ወይም ልብን ካገኘ ዋላይቱ ጥቂት ሮጣ ትወድቃለች። ሌላ ቦታ ካረፈ ግን ነገሩ ይረዝማል።

እኛም የገጠመን ይኸው ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጋሼ ዛፍ ላይ ካሰሩት መቀመጫ ላይ ናቸው፤ እኔ ራቅ ብዬ ከግንድ ሥር ተቀምጫለሁ። ባለ መሬቱ እንድናድን በጽሑፍ ፈቅዶልናል። አንዲት ዋላ 20 ሜትር ያህል ላይ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ፍላጻው ሲለቀቅ ግን አንድ እርምጃ ተራመደች። ጉዱን ያመጣችው ያች አንድ እርምጃ ናት። ዋላይቱ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጭራዋን ሸጉጣ፣ ቀስ እያለች ወደ ጫካው ገባች።

ጋሼ ወርደው ወዲያ ያለፈውን ፍላጻ አነሡና አሸተቱት። «ፈርስ ነው» አሉ። ቅርጫ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ሽታ ያውቀዋል። አረፋ የቀላቀለ ቀላ ያለ ደም ቢሆን ኖሮ ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መከተል ይበቃል። ጠቆር ያለ ደም ብቻ ቢሆን ጉበት ነው፤ ሦስት አራት ሰዓት ይጠበቃል። አረንጓዴ ፈርስ ከታየ ግን ጨጓራ ወይም አንጀት ተበስቷልና ከስምንት እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው።

«ጨለመ እኮ ጋሼ፤ እንከተላት እንጂ» አልኳቸው።

«ተው አንተ ሰው! አሁን ከሄድንባት ትነሣለች። ከተነሣች ደግሞ የት እንደምትደርስ አይታወቅም። ከተተወች ግን እዚሁ ቅርብ ትተኛለች።»

ወሬ ከቀዘቀዘ ዋጋ የለውም እየተባለ በጋዜጣ ሥራ ላደግነው ሰዎች ይህ ከባድ ትምህርት ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ሥጋው ቶሎ አይበላሽም፤ ኮዮቲ የሚባለው ቀበሮ መሳይ አውሬ ግን ሊቀድመን ይችላል። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰን አደርን። እኩለ ሌሊት ላይ የከነከነኝን ጠየቅኳቸው። ጋሼ ጾም የማይሽሩ፣ ሥርዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ከዚህ ቀደም የጣሏቸውን ነፍስ ሳይወጣ ደርሰው፣ ባርከው አርደዋል። ይህች ግን ሞታ ካደረች በክት ናት።

«እርስዎ እንደሆነ አይበሏትም። ታዲያ ምን ያስጠብቀናል?»

«ካልሞተችስ?» አሉኝ። «አንጀቷ ተበስቶ ሦስት ቀን ብትቆይስ?»

የቨርጂኒያ ደንብም ያቆሰሉትን እንስሳ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ሳያደርጉ ትቶ መሄድን ይከለክላል። ጋሼ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሕግ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ሲነጋ ጀመርን። ዱካው ላይ አይረገጥም፤ በጎን ነው የሚኬደው። ደም በታየበት ቁጥቋጦ ሁሉ ጋሼ ቁራጭ ሶፍት ይሰቅላሉ። ጠብታው ሲጠፋ ወደ ኋላ ዞረው የሶፍቱን መስመር ያዩና አቅጣጫውን ይገምታሉ። አንዳንዱ ጠብታ የምስር ፍሬ አያክልም፤ ከቅጠሉ በታች ያለውም በጣት እየተገለበጠ ነው የሚታየው። 150 እርምጃ ያህል እንደሄድን ሣሩ ተጋድሞ፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ደም ረግቶ አገኘን። ተኝታ ተነሥታለች። ከዚያ ወዲያ አጥር ነው፤ አጥሩ ላይ መግባት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ደሙ በአጥሩ ሥር አልፎ ሄዷል።

ዋላይቱ ስለተሻገረች እኛም መሻገር እንችላለን ማለት አይደለም፤ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋሼ ቀስቱን መኪና ውስጥ ቆለፉበት፤ ቢላዋቸውን ከወገባቸው ፈቱ፤ ለሁለታችንም ብርቱካናማ ሰደርያ አወጡ። ደወሉን ደውለው ከደረጃው ወርደው ስድስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ተመለሱና እጃቸውን አሳይተው ቆሙ። «ፈገግ በል» አሉኝ። ሁለት ጥቁር ሰዎች እሑድ በማለዳ በማያውቁት ገበሬ ደጃፍ እንዴት እንደሚቆሙ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የወጡት 80 ዓመት የሚሆናቸው ነጭ ሽማግሌ ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ከረባት አስረዋል። ፊታቸው አልተፈታም። የት ቦታ እንደተመታች ጠየቁ፤ ጋሼ በገዛ ሆዳቸው ላይ በጣታቸው አሳዩ። ምን ያህል እንደጠበቅን ጠየቁ። ሌሊቱን ሙሉ ስንላቸው ምንም ሳይናገሩ ገብተው በዚያው በክት ሱሪያቸው ላይ ቦት ጫማ አጥልቀው ወጡ።

ያገኘናት ከጅረቱ ዳር ነው፤ አፍንጫዋ ውኃውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። እንዲህ የቆሰለ እንስሳ ወደ ውኃ መውረዱ የተለመደ ነው። ጋሼ ከኋላዋ ቀርበው በረጅም ዱላ ዓይኗን ነኩ፤ አልተርገበገበም። አማተቡ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገፈፉ። በሆዷ በኩል ያለው ሥጋ ተበላሽቷል፤ ሽንጡና ታፋው ግን ደኅና ነበር። በስልክ አስመዘገቧትና ደኅናውን ሥጋ በሙሉ ለሽማግሌው ሰጡ። ሽማግሌው ለምን ለራሳቸው እንዳላስቀሩ ጠየቋቸው። ጋሼ የበክትን ነገር በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክረው ሲያቅታቸው «የሃይማኖት ነገር ነው» ብለው ተዉት። ሽማግሌውም ራሳቸውን ነቅንቀው ስልክ ቁጥራቸውን በወረቀት ጻፉላቸውና ለሌላ ጊዜ በሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ አሉ።

ቅዳሴው አምልጦናል። እኔ ርቦኝ ወደ መኪናው ስገሰግስ ጋሼ ተመልሰው የሰቀሏቸውን ሶፍቶች ከየቁጥቋጦው ይለቅሙ ጀመር። 19 ሰቅለው ኖሮ 18 ብቻ ስላገኙ ለቀረችው አንዲት ሌላ ሩብ ሰዓት አቆሙኝ።