በሯን በጭቃ የምትመርገው ወፍ

ባሕር ዳር ብቅ ያላችሁ እንደሆነ ጠዋት ላይ ከጣና ዳር ካሉት ዋርካዎች አንዱ ሥር ቁጭ በሉና ቡናችሁን እዚያው ጠጡ። ዋርካው ፍሬ ይዞ ከሆነማ ብዙም ሳትቆዩ ከራሳችሁ በላይ ከበድ ያለ የፉጨት ድምፅ ትሰሙ ይሆናል። የክንፍ ድምፅ ነው። የዚህ ወፍ ትልልቅ የክንፍ ላባዎች ሥራቸው በትንንሽ ላባ ስላልተሸፈነ፣ አየሩ በመካከላቸው እየሾለከ ያፏጫል። ቀና ስትሉ ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍ ታያላችሁ፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት ይመስላል። የተጫነው ነገር ሲያዩት ይከብዳል እንጂ ውስጡ ባዶ፣ ቀላል ነው።

ማሳ ለማሳ የሚንጎራደደውን እርኩም ታውቁት የለ? ይኼኛው የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ኑሮው ግን ዛፍ ላይ ነው። የወፍ አዋቂዎች ጉንጩ ላይ ባሉት ብር መሳይ ላባዎች ይጠሩታል። እኔ ለዛሬው ጨዋታችን የዛፉ እርኩም ልበለው።

የሚገርመው ጎጆ አወጣጡ ነው። ሴቷ በትልቅ ዛፍ ግንድ ላይ ያለ ቀዳዳ መርጣ ትገባና በሩን ከውስጥ ሆና ትመርገዋለች። ጭቃ አቅራቢው ባል ነው፤ አፈር ይውጥና ጉሮሮው ውስጥ ከምራቁ ጋር አቡክቶ፣ አድበልብሎ፣ በምንቃሩ ያቀብላታል። እሷ በምንቃሯ ጎን እየመታች ትለስነዋለች፤ ልክ ቤት ሲመረግ እንደሚደረገው። በመጨረሻ የሚቀረው ምንቃር ብቻ የሚያሾልክ ቀጭን ስንጥቅ ነው።

ይኼን የሰማ ሰው «ባልየው ቀንቶ ዘጋባት» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ምርጊቱ የእሷ የእጅ ሥራ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ሰብራ የምትወጣውም ራሷ ናት። በሩ ጦጣና እባብን፣ ቤት ፈልጋ የምትዞር ሌላ ሴትንም ይመልስላታል።

አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ትጥልና 40 ቀን ያህል ታቅፋለች። ጫጩቱ ለመብረር ሌላ 80 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ይኼ ሁሉ ሲሆን እናት ከውስጥ ናት። ባል የሾላና የዋርካ ፍሬ ውጦ ይመጣና አንድ በአንድ ከጉሮሮው እያወጣ በስንጥቁ ያጎርሳታል። ተመራማሪዎች ስለ አንድ ወንድ ሲያሰሉ በ120 ቀን ውስጥ 1,600 ጊዜ ተመላልሶ 24,000 ያህል ፍሬ ማድረሱን ገምተዋል። በቀን 13 ጊዜ፣ በአንድ ምልልስ 15 ፍሬ መሆኑ ነው። እኔ ይኼን ቁጥር ባሰብኩት ቁጥር እደነቃለሁ።

ታዲያ እዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ቆሻሻው እንዴት ይሆናል? ኩሷን በስንጥቁ ወደ ውጭ ትረጨዋለች፤ ጫጩቱም ይኼንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ጎጆውን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መሬቱን ይይ፦ ግንዱ ሥር ነጭ ኩስ፣ የፍሬ ዘር፣ አንዳንዴም ከዚያው ዘር የበቀለ ችግኝ ያገኛል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ይኼ ወፍ ምንቃሩ ቢገዝፍም ግንድ መፈልፈል አይችልም። የሚጠብቀው ቅርንጫፍ ተሰብሮ፣ ቦታው በስብሶ፣ በብዙ ዓመት የተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ይኼ ደግሞ የሚገኘው ያረጀ ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ዘጌ ላይ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉ ገዳማት፣ በጥላው ሥር የሚለማው ቡናም ጭምር፣ ደኑን አቆይተውታል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከተማ ውስጥ ግን «ሆዱ በስብሷል» የተባለ ዛፍ ዕጣው መጥረቢያ ነው። እባካችሁ፣ ከመቆረጡ በፊት ቀዳዳው በጭቃ የተመረገ እንደሆነ እዩለት። ለሰው የሚያሰጋ ከሆነም የከበደውን ቅርንጫፍ ብቻ አንስታችሁ ግንዱን ተዉት።

ስንጥቁን ካገኛችሁት ደግሞ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሰው ከሥር ከቆመ ወንዱ ጎረቤት ዛፍ ላይ አርፎ ሊጠብቅ ይችላል፤ እሷ ደግሞ የምትበላው እሱ በጉሮሮው የያዘውን ነው።