ቆመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ አቀበቱን የጨረሰ መንገደኛ ደጀንን ያገኛል። ከዚያ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ። በዚችው ከተማ፣ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የገጠመንን ልናጫውታችሁ ወደድን።

እኛ የመድረሳ መምህራን ለሕፃናቱ አግዳሚ ወንበር አሠርተን ነበር። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራውን ለማየት ሄድን። ከጠረጴዛው መሐል ብቅ ያለው ክብ መጋዝ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየሰነጠቀ ሳለ ድንገት ቆመ። ሞተሩ ግን ከሥር ያጓራል።

ሁላችንም ባለሙያ ሆንን። አንዳችን «የመብራቱ ኃይል ቀንሷል» አለ፤ ሌላችን «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ አበባ ይላክ» አለ። ወንበሩ ቀረ ብለን አዘንን። በዚህ መሐል ተለማማጁ ልጅ የታነቀውን ጣውላ ሊያላቅቅ እጁን ወደ መጋዙ ሰደደ።

«እጅህን መልስ!» ብለው ሽማግሌው አናጢ ጮኹ። ሶኬቱን ነቅለው ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። «ልጄ፣ ቆመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ሞተሩ ሲያጓራ ሰምታችኋል፤ እንግዲያው መብራትም አለ፣ ሞተሩም ደኅና ነው» አሉን።

ጣውላውን በሽብልቅ ከፍተው አወጡት። ባሕር ዛፍ በውስጡ ውጥረት ስላለው ሲሰነጠቅ ተመልሶ ይገጥምና መጋዙን ያንቃል። ይህን የሚከላከለው ከመጋዙ ኋላ የሚቆመው ስስ ብረት ነው፤ እሱ ግን ተፈትቶ ጥግ ተቀምጧል። መጋዙን በእጃቸው ሲያዞሩት በቀላሉ ዞረ፤ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው። ችንጋውም አልተበጠሰም፣ አልላላም። የሞተሩ ፑሌጃ አብሮ ዞረ፤ የሞተሩ ዘንግ ግን አልተንቀሳቀሰም። ችግሩ ተገኘ፤ ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የምታጣብቀው ትንሽ ብሎን ላልታለች። መጋዙ ሲታነቅ ዘንጉ ፑሌጃው ውስጥ ብቻውን ይዞር ነበር።

ብሎኗን አጠበቁ፣ ስሱን ብረት መለሱ፣ ሁላችንንም ገለል አድርገው መጋዙን ያለ እንጨት አስነሡት። ሠራ።

እንደዚህ ያለ ሞተር በደቂቃ ወደ 2,800 ጊዜ ይዞራል። ያቺ ብሎን ልጁ እጁን በሰደደበት ቅጽበት ብትይዝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በመድረሳም በቀለም ትምህርት ቤትም የተማርን ሰዎች፣ ስለ ወንበር ስናዝን የልጁን ጣት ያየ ከመካከላችን አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ወላጆችና ወጣቶች ሆይ፣ ወፍጮም ይሁን መጋዝ ሲቆምባችሁ መጀመሪያ መብራቱን ከምንጩ አቋርጡ። መብራት ሲጠፋም ማብሪያውን አጥፉ፤ ሳታስቡት ይመጣልና። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መርምሩ።

ወንበሮቹ በቀናቸው ደረሱ፣ አልሐምዱሊላህ። ያ ልጅም በዐሥር ጣቱ ተሸክሞ አመጣልን።