ፔጆዋን ሸራ አለበስናት፣ አባቴን ግን…

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ እናንተው ፍረዱ። ለሰው ደግ የሠራችሁ መስሏችሁ ጎድታችሁት አታውቁም? እኔና ወንድሞቼ አድርገነዋል። ያውም በገዛ አባታችን ላይ!

ሐረር የረገጠ ሰው ፔጆ 404ን ያውቃታል። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ፈረስ መጋላ ላይ ተደርድራ ገበያተኛውን ከነዘንቢሉ የምታጭቀው ሰማያዊና ነጯ ታክሲ እሷ ነበረች። አባባ ዕድሜውን የጨረሰው በዚችው መኪና ነው። አራት ልጅ አሳድጎባታል። እኔም እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩት በእሷ ገቢ ነው።

አባባ ሰባ ዓመት ሲያልፈው ልጆቹ ተሰብስበን መከርን። «በቃ ይረፍ!» አልን። ብር አዋጥተን የፔጆዋን ዝገት አስፋቅን፣ ቀለም አስቀባን፣ ኒኬሏን አስወለወልን፣ ወንበሯንም አዲስ ልብስ አለበስነው። ከዚያ ግቢ ውስጥ አቁመን ሸራ ጣል አደረግንባት። ታላቅ ወንድሜ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ካሁን በኋላ ይቺ ቅርስ ናት። ውጭ አገር እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖች ይሸለማሉ» አለ። አባባ ምንም አልመለሰም። እኛም ደስ ያለው መሰለን።

አይ አለማወቅ! አባባ በየማለዳው ሸራውን ገልጦ ይወለውላታል። ከዚያ ገብቶ መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እናቴ ለቁርስ ብትጠራው አይሰማም። ወራት ሲያልፉ ባትሪዋ ሞተ፣ ጎማዋ ተነፈሰ፣ ካርቡራተሯ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ደረቀ። አባባም አብሯት ደረቀ። ምግብ ቀነሰ። ከጓደኞቹ ጋር በርጫ መቀመጡን እንኳ ተወ። «ያለመኪናዬ ፈረስ መጋላ ምን ልሠራ እወርዳለሁ?» ይላል።

የወንድሜ የ«ሽልማት» ወሬ ለዚህ ዓምድ ይሆነኛል ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔብል ቢች በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የመኪኖች የቁንጅና ውድድር ይካሄዳል። የጥንት መኪኖች ሣር ላይ ይደረደራሉ፣ ዳኞችም ከላይ እስከ ታች ይመረምሯቸዋል። ወንድሜ ትክክል ነበር ማለት ነው። ግን ያላወቀው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 አዘጋጆቹ ከውድድሩ በፊት መኪኖቹ በመንገድ የሚነዱበት ጉዞ ጨመሩ። በአንድ ምድብ ሁለት መኪኖች እኩል ነጥብ ካመጡ፣ የምትበልጠው ያንን ጉዞ የጨረሰችው ናት! ቁንጅና ብቻውን አይበቃም፤ ተነድቶ መመለስም ያስፈልጋል።

ማታ ይህንኑ ለአባባ ነገርኩት። ሳቀ! ከስንት ወር በኋላ። «ፈረንጆቹ ገብቷቸዋል። ያልገባችሁ እናንተ ናችሁ» አለኝ። «የሷ ዓይነት ፔጆ እኮ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ የበላችው ተወልውላ አይደለም፣ ጭቃ ለብሳ ነው!» እውነቱን ነው። ፔጆ 404 ያንን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በ1963ቱ እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 መኪኖች ብቻ ነበሩ።

ለወንድሜ «ቁልፉን መልስ» ብለው ተቆጣ። «ሰው ቢገጭስ? አንቺ ትጠየቂለታለሽ?» አለኝ። ውድ አንባቢያን፣ ይሄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። አባባን ለማስደሰት ብዬ የሰው ልጅ ላስጨርስ?

በመጨረሻ ተስማማን። መጀመሪያ አባባ ዓይኑን ይታይ አልን። ሐኪሙ መነጽር አዘዘለትና «ቀን ይችላል፣ ማታ ግን እንዳይሞክራት» አለ። ቀጥሎ መኪናዋ ታየች። ባትሪ ተገዛ፣ ካርቡራተሯ ታጠበ፣ ፍሬኗ ተሠራ፣ ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ተለጠፈላት። ውላችንም ይሄ ሆነ፦ ቅዳሜ ማለዳ ብቻ፣ ወንድሜ ከጎኑ፣ ተሳፋሪ የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አባባ መሪው ላይ ያለውን ማርሽ ሲያስገባ እጁ አልተንቀጠቀጠም። በሐረር በር ጀጎል ገብተን ፈረስ መጋላ ስንደርስ የድሮ ጓደኞቹ ተነስተው ቆሙ። አንዱ «አለህ እንዴ?» ብሎ በመስኮቱ ሳመው። አባባ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። እኔና ወንድሜ ሌላ ሌላ ያየን መሰልን።

ስንመለስ እንጨት የጫነች አህያ በጎናችን አለፈችና ስንት ብር ያፈሰስንበትን ቀለም ጫረችው። ወንድሜ ዘሎ ወረደ። «ተዋት፣ አሁን ገና ነጥብ አገኘች!» አለው አባባ።

ውድ አንባቢያን፣ ወላጆቻችሁ ሲያረጁ አሳርፏቸው፣ ግን ከምን እንደምታሳርፏቸው አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። ለዓይንም ለፍሬንም ምርመራ አለ። የሚጠይቀው ላጣ ልብ ግን ጋራዥ የለውም። እኛ ሸራውን አልጣልነውም። ለዝናብ ይሆናል።