ከጅቡቲ እስከ ኦቦክ በባሕር ዳር

በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከቤተ ሰባችን ጋራ ሆነን ከጅቡቲ ከተማ እስከ ኦቦክ ያለውን የባሕር ዳር በረሓ ለማየት ተነሣን። የተጓዝንባትም መኪና መኝታና ምድጃ የተሠራላት፥ ነገር ግን ዕድሜዋ የገፋ የኪራይ መኪና ነበረች።

መንገዱ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በስተ ምዕራብ ይዞራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ጉቤት በተባለው የባሕር ወሽመጥ አጠገብ አደርን። በማግሥቱ የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ በ1971 ዓ.ም. ያፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ ተመለከትን። ከዚያም ወዲያ የአሳል ሐይቅ በጨው ነጥቶ ይታያል። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በአፍሪካ ምድር ከእርሱ የሚያንስ ዝቅተኛ ስፍራ የለም። የአፋር ነጋዴዎች ጨዉን በግመል ጭነው ወደ ደጋው አገር ያወጡ ነበር።

ዳገቱን በቀትር ስንወጣ የራዲያተሩ ጎማ ተቀደደና መኪናችን በእንፋሎት ተሸፈነች። በታች ባሕር፥ በስተ ኋላ ሐይቅ ሞልቶ ሳለ ለሰውም ለመኪናም የምትሆን አንዲት ጠብታ አልነበረችም፤ የጨው ውሃ ሰውን ያስጠማል፥ ብረትንም ይበላልና። የቀረን የመጠጥ ውሃ 10 ሊትር ብቻ ነበር። እኛም በችኰላ እርሱን ለሞተሩ ለማፍሰስ ስናስብ ባለቤታችን ጀሪካኑን ይዛ፥ «መኪናዪቱ ሳትጠጣ ታድራለች፤ ልጆቹ ግን ሳይጠጡ አያድሩም» ብላ ከለከለችን።

በመኪናዪቱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ የአፋር ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ቋንቋቸውን አናውቅም፤ እርሳቸው ግን የልጆቹን ከንፈር አይተው ከእርኮታቸው አስቀድመው ለታናሺቱ ልጃችን ቀዱላት። ከዚያም ፀሓይዋን በእጃቸው እያመለከቱ እስክትበርድ ድረስ እንድንቈይ ነገሩን።

በመሸ ጊዜ ሞተሩ ቀዘቀዘ። የተቀደደውን ጎማ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቈረጠ ጥብጣብ አጥብቀን አሰርነው። ለራዲያተሩ የሚሆነውንም ውሃ ባለቤታችን ከመኪናዪቱ ውስጥ አወጣች፤ ከጅቡቲ ጀምራ ዕቃ ስታለቀልቅ በባልዲ ያጠራቀመችው ነበር። ይህንኑ ስታደርግ «ሥሥት ነው» ብለን ቀልደንባት ነበርና፥ በዚያች ሰዓት ፍርዱ ለእርስዋ ሆነ፤ እኛም ይቅርታ ጠየቅናት።

በዝግታ እየነዳን ሌሊት ታጁራ ገባን። የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ ሲነሣ፥ በዚህችው ከተማ ብዙ ወራት ቆሞ ቀርቶ ነበር። የእኛ መዘግየት ግን አንድ ቀን ብቻ በመሆኑ ተጽናናን። በማግሥቱ ጎማው ተለውጦልን ከጅቡቲ በፊት የፈረንሳይ ግዛት መቀመጫ ወደ ነበረችው ወደ ኦቦክ በደኅና ደረስን።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ወደ በረሓ ስትሄዱ የሰውን ውሃና የመኪናን ውሃ ለየብቻ ያዙ፤ የጋለውንም ራዲያተር አትክፈቱ። ከሁሉም በላይ ግን ቤት የምታስተዳድረውን ሰው ምክር አትናቁ።